ጥርን የተሻገረ ፈርን

በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ግዛት፣ ከባሕር ጠረፉ ርቆ ወደ መሀል አገር ሲገባ፣ ካርናርቨን የሚባል የአሸዋ ድንጋይ ሸለቆ አለ። አካባቢው ደረቅ ነው። ባሕር ዛፍና ሣር ይበዛበታል፤ ዝናቡም ቀጠሮ አያከብርም። ከዋናው ሸለቆ ወደ ጎን በምትታጠፍ አንዲት ጠባብ ገደል ውስጥ ግን እዚያ ይኖራል ተብሎ የማይጠበቅ ተክል ቆሟል። የንጉሥ ፈርን ይሉታል፤ ሳይንሳዊ ስሙ አንጂዮፕተሪስ ኢቬክታ ነው። ከዓለም ትልልቅ ፈርኖች አንዱ ሲሆን አንድ ቅጠሉ ብቻውን ከ5 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። ዘመዶቹ የሚኖሩት በጠረፉ የዝናብ ደን ውስጥ ነው። እነዚህ ጥቂቶቹ አገሩ እርጥብ ከነበረበት ዘመን የተረፉ ናቸው።

ጥላው ነው ያተረፋቸው እንዳይባል፣ በዚያ ሸለቆ ጥላ ያለው ገደል ሞልቷል። ይህችን ገደል ልዩ የሚያደርጋት ከድንጋዩ ሥር ዓመቱን ሙሉ የሚንጠባጠበው ምንጭ ነው። ዝናብ ኖረ አልኖረ ምንጩ አይቋረጥም። ፈርኑም እንደዚያው።

በሞቃት አገር፣ ዛፍ ያጠላበት ጓሮ ያለው ሰው ትልልቅ ፈርን ለመትከል ሲያስብ መጀመሪያ የሚያነሣው ግን ጥላን ነው። “ከአቮካዶው ሥር ይሆነዋል?” “ፀሐይ የማይደርስበት የግንቡ ጥግስ?” የአትክልት መጻሕፍትም ይህንኑ ያጸኑለታል። ጥላ ማስፈለጉ አይካድም። ነገር ግን ጥላ ለፈርን የድስት ክዳን ነው፤ ድስቱ ባዶ ከሆነ ክዳኑ ምን ይፈይዳል? ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመልሰው በጥያቄ ነው፦ ጓሮህ ጥር ላይ ምን ይመስላል? ክረምት ላይማ በአገራችን የማይለመልም ነገር የለም። ፈርን የሚፈተነው ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋሱ ደርቆ፣ ሌሊቱ ቀዝቅዞ ቀኑ በሚያቃጥልበት በበጋው ወገብ ላይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት የፈርንን ኑሮ ማወቅ ይበጃል። በዓለም ላይ ከ10,000 በላይ የፈርን ዝርያዎች አሉ፤ አንዱም አበባ የለው፣ ፍሬ የለው፣ ዘር የለው። በቅጠሉ ጀርባ ከተደረደሩት ቡናማ ነጥቦች የሚረግፍ፣ ከዱቄት የላመ ብናኝ ነው ያለው፤ ስፖር ይባላል። ስፖሩ እርጥብ ቦታ ሲያርፍ በቀጥታ ፈርን አይሆንም። መጀመሪያ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ፣ ልብ የመሰለች አረንጓዴ ቅጠል አፈሩ ላይ ትለጠፋለች። ወንዴውና ሴቴው ሕዋስ የሚፈጠሩት በዚያች ቅጠል ሆድ ላይ ሲሆን፣ ወንዴው ወደ ሴቴው የሚደርሰው እየዋኘ ነው። የጤዛ ያህል ስስ ውሃ ካልተገኘ ጋብቻው አይፈጸምም። ከዚያ ጋብቻ የሚወለደው ነው እኛ ፈርን የምንለው።

የብናኙን ምሥጢር ከገለጡት አንዱ በጃማይካ ደሴት ይኖር የነበረ ጆን ሊንድሴይ የተባለ ሐኪም ነው። በእሱ ዘመን በአውሮፓ ፈርን የማይታይ ዘር አለው፣ ያን ዘር የያዘ ሰውም ከዓይን ይሰወራል የሚል ተረት ነበር። ሊንድሴይ ከዝናብ በኋላ መሬት ላይ ብቅ የሚሉትን ጥቃቅን ፈርኖች አይቶ ነገሩ ገረመው። ብናኙን አፈር ላይ ነስንሶ የሚሆነውን በማይክሮስኮፕ ተከታተለ። ያየው ነገር በ1794 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ታተመ። ልብ በሉ፣ ይህ የተገኘው በሞቃት አገር፣ በዝናብ ማግሥት ነው።

ከ35 ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ሐኪም፣ ናትናኤል ዋርድ፣ ለንደን ውስጥ ሳያስበው ከሁለተኛው ምሥጢር ላይ ወደቀ። ዋርድ በጓሮው ድንጋይ ላይ ፈርን ለማሳደግ ብዙ ለፍቶ የከተማው ጭስ እየፈጀበት ተስፋ ቆርጦ ነበር። በ1829 እ.ኤ.አ. የእሳት ራት ኩብኩባ እርጥብ አፈር ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ከድኖ አስቀመጠ። ከእሳት ራቱ ይልቅ የገረመው ሳይዘራ የበቀለው ፈርን ነው። ቀን ከአፈሩ የተነነው ውሃ በመስታወቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ይወርዳል፤ ማንም ሳያጠጣው ፈርኑ ለመለመ። በ1833 እ.ኤ.አ. በዚህ መንገድ የታሸጉ ሁለት ሣጥኖች በመርከብ ወደ ሲድኒ ተላኩ፤ ሲመለሱም ከዚያ በፊት የባሕሩን ጉዞ በሕይወት ጨርሶ የማያውቅ የአውስትራሊያ ፈርን ይዘው ገቡ። ዋርድ ለፈርኑ ሙቀት አልጨመረለትም፤ የጨመረለት ጥላም የለም። እርጥብ አየር ነው የሰጠው። የጓሮ ሥራም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ መስታወት በሌለበት ያን ጠርሙስ መሥራት ነው።

ትልልቆቹ ፈርኖች ላይ ሲደረስ የውሃው ነገር ይብሳል። የንጉሥ ፈርን ያን የሚያህል ቅጠል የሚሸከመው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ በጠነከረ እንጨት ሳይሆን በአብዛኛው በውስጡ በሞላው ውሃ ግፊት ነው። ውሃ ሲጎድልበት እንደ ተነፈሰ ጎማ ይተኛል። የዛፍ ፈርኖች የሚባሉትም ግንዳቸው ግንድ መሰለ እንጂ እንጨት አይደለም። ከእንሰት ጋር ማነጻጸር ይቻላል፤ የእንሰት “ግንድ” የተደራረበ የቅጠል አቃፊ እንደሆነ ሁሉ፣ የዛፍ ፈርንም ግንድ መሀሉ አንድ ቀጭን አገዳ፣ ዙሪያው ደግሞ የተጠላለፈ ሥር ነው። ስለዚህ የዛፍ ፈርን የሚያጠጣ ሰው ከታች መሬቱን ብቻ ሳይሆን ግንዱንም ከላይ እስከ ታች ማርጠብ አለበት። ግንዱ ራሱ አፍ ነው።

አሁን ወደ ጥላው እንመለስ። በሚገባ የጨለመ ጥላ ለትልቅ ፈርን ጥሩ አይደለም። ብዙ የዛፍ ፈርኖች በዱር የሚበዙት ዛፍ ወድቆ በተከፈተ ቦታ፣ መሬት በተንሸራተተበት፣ መንገድ በተቆረጠበት ዳገት ላይ ነው። ብርሃን ይወዳሉ፤ የማይወዱት ብርሃኑ ተከትሎ የሚያመጣውን ድርቀት ነው። ሥሩ ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ የጠዋት ፀሐይ ያወፍራቸዋል። በጨለማ ጥግ የተተከለ ፈርን ይከሳል፣ አገዳው ይረዝማል፣ በመጨረሻ በነፋስ ይሰበራል። በሌላ በኩል ፈርኖች ከዛፍ በታች በሚጣራው ደካማ ብርሃን የመኖር ልዩ ችሎታ አላቸው መባሉ ሐሰት አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው ደካማ ብርሃንን ለይተው ወደሱ እንዲያዘነብሉ የሚረዳቸውን አንድ ዘረ መል ያገኙት ሆርንዎርት ከሚባሉ ከሞስ ጋር ከሚመደቡ ጥቃቅን ተክሎች ነው። ከወላጅ የወረሱት ሳይሆን ከጎረቤት የተዋሱት ማለት ነው።

ተስማሚው ጥላ እንደ ወንፊት የሚያሳልፍ ነው። ዋንዛ ጥሩ ነው፤ ሰሳ ከዚያም ይሻላል፤ የደቡብ ምዕራብ ቡና አብቃዮች ሰሳን ለቡና ጥላ የሚመርጡት በደቃቅ ቅጠሉ መካከል ብርሃን ስለሚያሳልፍ ነው። ግራቪሊያም አይከፋም። ግራቪሊያ ራሱ ከምሥራቅ አውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው፤ እዚያ ከዛፍ ፈርኖች ጋር የአንድ አገር ልጅ ነው። ማንጎ ግን ጥላው ጥቅጥቅ ይላል፤ ካልተገረዘ ከሥሩ የሚተርፍ የለም። ባሕር ዛፍ አጠገብ ፈርን መትከል ደግሞ ከተራበ ሰው ጋር ከአንድ ሳህን መብላት ነው። ለጀማሪ ግን ከዛፍ ሁሉ እኔ የማስቀድመው ሙዝንና እንሰትን ነው። በአንድ ዓመት ጥላ ይሆናሉ፣ በሰፊ ቅጠላቸው አየሩን ያረጥባሉ፣ ደርቆ የሚወድቀውም ቅጠል እዚያው ጉዝጓዝ ይሆናል።

ነፋስን ማንም አያነሣውም፤ እኔ ግን ከፀሐይ በላይ የምፈራው እሱን ነው። በጥላ ውስጥም ቢሆን ደረቅ ነፋስ የሚያቋርጠው ኮሪደር ላይ የተተከለ ፈርን የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። ያን ያየ ሰው “ፀሐይ በዛበት” ብሎ ወደ ባሰ ጨለማ ያዛውረዋል፤ ሳይሻለው ይቀራል። ዝቅ ያለ ቦታ፣ አጥር የጋረደው፣ ከጣሪያው አሸንዳ ውሃ የሚወርድበት ጥግ ከሁሉ ይመረጣል።

በአገራችን የትኛው ቦታ ይሻላል ከተባለ መልሱን ጫካው አስቀድሞ ሰጥቶታል። በደቡብ ምዕራብ፣ በካፋና በሸካ ደኖች፣ የዛፍ ፈርን በተፈጥሮ ይበቅላል። ሲያቲያ ማኒያና የሚባለው ነው። በጅረት ዳር፣ በሸለቆ ውስጥ ቆሞ ላየው ሰው ጃንጥላ የዘረጋ ዘምባባ ይመስላል። የቅጠሉ አገዳ እሾህ ስላለው ግን በባዶ እጅ የጨበጠው ሰው ዘምባባ አለመሆኑን ወዲያው ይረዳል። በዚያ አካባቢ ዝናቡ ከዓመቱ አብዛኛውን ወር ይሸፍናል፤ በበጋም ጉም አለ። ቦንጋ፣ ሚዛን ወይም ጎሬ ጓሮ ያለው ሰው ከዚህ በታች የምጽፈውን ግማሹን ዘሎ ቢያልፈው አይጎዳም።

አዲስ አበባ ሌላ ነች። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ “ሞቃት” ልትባል አትችልም። የዛፍ ፈርን የተራራ ተክል በመሆኑ ልከኛ ቅዝቃዜውን ይችለዋል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅ ሌሊትና ዝቅ ያሉ ሰፈሮች ላይ የሚወርደው ውርጭ ግን ለጋውን ያቃጥለዋል። ድሬዳዋ ላይ በተቃራኒው ሙቀቱ ሞልቷል፣ እርጥብ አየር ነው የሚጎድለው፤ እዚያ ትልቅ ፈርን የሚሞክር ሰው ግቢው ውስጥ በየቀኑ ውሃ የሚረጭ ሠራተኛ ያስፈልገዋል። እኔ የምኖረው በአየር ጠባይ በመካከላቸው ባለችው ሐዋሳ ነው። ሙቀቱ ይበቃል፤ ጥላም አለኝ። ጣጣው ውሃው ነው።

የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድና ሶዲየም ይበዛበታል። ለሰው ጥርስ የሚያደርገውን ሁሉም ያውቀዋል። አብዛኞቹ የደን ፈርኖች ደግሞ ወደ አሲድ ያዘነበለ አፈር የለመዱ ናቸው። ከጓሮዬ ጉድጓድ እየቀዳሁ ሁለት በጋ ያጠጣኋቸው ፈርኖች አልሞቱም፤ ግን ቅጠላቸው እየገረጣ፣ የቅጠሉ ጅማት ብቻ አረንጓዴ ሆኖ እየቀረ ሄደ። የአፈሩ ገጽ ላይ ነጭ ቅርፊት ተጋገረ። ከዚያ በኋላ የክረምቱን የጣሪያ ውሃ በሮቶ ማጠራቀም ጀመርኩ። የልብስ ማጠቢያ ውሃ ለፈርን አይሆንም፤ የሳሙናው ጨው ከጉድጓዱም ይብሳል።

አፈርን በተመለከተ ብዙ አልልም። የችግኝ ጣቢያዎች የሚጠቀሙበት የጫካ አፈር፣ የአሸዋና የፍግ ድብልቅ ለቡና ችግኝ ተስማሚ ነው፤ ለትልቅ ፈርን ግን ይጠብቃል። ሥሩ ውሃም አየርም በአንድ ላይ ይፈልጋል። እኔ የማደርገው በሚገባ የበሰበሰ የቡና ገለፈት፣ የከሰል ስብርባሪና በአካባቢያችን የሞላውን፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል ነው። ፍግ በጣም ያረጀ ካልሆነ አይነካም። ማዳበሪያ ሲበዛ የፈርን ሥር ይቃጠላል፤ በግንዱ አናት፣ ለጋው በሚወጣበት እምብርት ላይ ደግሞ ምንም ነገር አይደረግም። አብዛኛው የዛፍ ፈርን ያለው እምብርት አንድ ብቻ ነው። እሱ ከበሰበሰ ወይም ከተቀጠቀጠ ከጎን የሚያቆጠቁጥ የለም።

የትኛውን እንትከል የሚለው ጥያቄ ላይ አቋሜ ከብዙዎች ይለያል። በየበረንዳው ተንጠልጥሎ የምናየው ኔፍሮሌፒስ አይናቅም። የቦስተን ፈርን የሚባለው ዓይነቱ በ1894 እ.ኤ.አ. ከፊላደልፊያ ወደ ቦስተን ከተላከ ጭነት መካከል ተለይቶ የወጣ ነው፤ ቅጠሉ ከወንድሞቹ ይልቅ ዘንፈል ብሎ ስለተገኘ ዓለምን አዳረሰ። መሬት ላይ ከተተከለ አንድ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቅጠል ያወጣል፤ ጥርንም ከማንም በተሻለ ይችላል። የወፍ ጎጆ የሚሉት አስፕሌኒየም ኒደስ ደግሞ ለዛፍ ሥር ሳይሆን ለዛፍ ጉልበት ነው፤ ቅጠሉን እንደ ቅርጫት ዘርግቶ ከላይ የሚረግፈውን ቅጠል ያጠራቅምና ራሱን በራሱ ይመግባል። የአጋዘን ቀንድ የመሰለው ፕላቲሴሪየምም እንዲሁ አፈር አይፈልግም፤ ግንድ ወይም ሳንቃ ላይ ታስሮ ያድጋል፤ በዚህም ምክንያት ቦታ ለጠበበው ሰው ትልቅ ፈርን ማለት እሱ ነው። የንጉሥ ፈርንን ማየት እንጂ መትከል አልመክርም፤ የሚያስፈልገው ውሃ በቤተሰብ ደረጃ የሚቀርብ አይደለም።

ዲክሶኒያ አንታርክቲካ የሚባለውን የታዝማኒያ ዛፍ ፈርን በሥዕል አይተው የሚመኙ አሉ። ግንዱ ተቆርጦ፣ ያለ ሥር፣ እንደ ማገዶ እየተጫነ እንግሊዝ ድረስ ይሄድና እዚያ ሲተከል እንደገና ሥር ያወጣል። ይህን የሰማ ሰው የዛፍ ፈርን ሁሉ እንደዚያ ይመስለዋል። ዲክሶኒያ ግን የቀዝቃዛ አገር ልጅ ነው፤ ሞቃት ሌሊት ያደክመዋል። የሞቃት አገሮቹ ሲያቲያዎች ደግሞ እንደ ደንቡ ከተቆረጡ አይመለሱም። እኔ ይህን የተማርኩት በዋጋ ነው።

አንድ ወዳጄ ከቦንጋ በኩል ሲመለስ በአይሱዙ ጭኖ አንድ የዛፍ ፈርን አመጣልኝ። ቁመቱ ወደ ደረቴ ይደርሳል። ሥሩ በገጀራ ተቆርጦ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሏል፤ ቅጠሉ በመንገድ አቧራ ነጭ ሆኗል። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ስጦታ ነውና “ለምን ነቀልከው?” ለማለትም አፌ አልተፈታም። ከሙዞቹ መካከል ጉድጓድ ቆፍሬ ተከልኩት። ግንዱን በጆንያ ጠቀለልኩ፤ ጠዋት ማታ አጠጣሁ። ሦስት ሳምንት ያህል ምንም አልሆነም። ከአናቱ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ፣ ቡናማ ፀጉር የለበሰ ለጋ ብቅ አለና ሁሉም ደህና መሰለኝ። ያ ለጋ ሳይፈታ ቀረ። ቆሞ ጠበቀ፣ ከዚያ ጠቆረ። የቆዩት ቅጠሎች ከጫፋቸው እየተጠቀለሉ ደረቁ። ለጋውን ሲነኩት በጣት ተለቀመ፤ ውስጡ ሽታ ነበረው። ታኅሣሥ ላይ መጥቶ ጥርን አልጨረሰም።

ከመድረቁ በፊት ግን አንድ ነገር አደረግኩ። ነጥቡ በሚገባ የጠቆረውን አንድ ቅጠል ቆርጬ ነጭ ወረቀት ላይ በጀርባው አስተኛሁት፤ ሌላ ወረቀት ከደንኩበትና ነፋስ እንዳይነካው ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥኩ። በማግሥቱ ሳነሣው የቅጠሉ ቅርጽ በቡናማ ዱቄት ወረቀቱ ላይ ታትሟል። ባዶ የጃም ብርጭቆ ውስጥ የተጣራ አፈር አድርጌ የፈላ ውሃ አፈሰስኩበት፤ የሌላ ተክል ዘርና ሻጋታ እንዲሞት ነው። ሲበርድ ዱቄቱን ከቢላ ጫፍ ላይ እፍ ብዬ ነሰነስኩና በላስቲክ አሰርኩት። አፈር አይለብስበትም፤ ብርሃን ይፈልጋል። መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ ቀጥታ የማያገኘው ቦታ ላይ አኖርኩት። እነሆ የዋርድ ጠርሙስ።

ወር ያህል ምንም የለም። ከዚያ አፈሩ እንደ አልጌ አረንጓዴ መሰለ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ “ሻገተብኝ” ብሎ ይደፋዋል። በጎልማሳ ፈርን ላይም ተመሳሳይ ስሕተት አለ። አንድ ቀን ጎረቤቴ ቡና ሊጠጡ ገብተው የበረንዳዬን ፈርን ቅጠል ገለበጡና፣ “ውይ ልጄ፣ ተባይ ጨርሶብሃል እኮ! መድኃኒት አታረግበትም?” አሉኝ።

“ኧረ እትዬ፣ ዘሩ ነው።”

“ቅጠል ላይ ዘር? እንግዲህ አንተ ታውቃለህ” ብለው ፊታቸውን ወደ ጀበናው መለሱ። አልፈርድባቸውም። በተራ መስመር የተደረደሩ ቡናማ ነጥቦች ናቸው፤ ተባይ ያልመሰለው ሰው ነው የሚገርመው። ልዩነቱ ሥርዓቱ ላይ ነው፤ የስፖር ነጥብ በጅማቱ ግራና ቀኝ እኩል ይሰለፋል፣ ቅርፊት ተባይ ግን እንዳገኘ ይለጠፋል። ተባይ ሆኖ ከተገኘም በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ይሻላል፤ የዘይት መድኃኒት ለጋ ቅጠልን ያቃጥላል።

በብርጭቆው ውስጥ ያለው አረንጓዴ በሁለተኛው ወር ወደ ጥቃቅን ልቦች ተለየ። አሁን ነው ውሃው የሚያስፈልገው። አፍልቼ ያበረድኩትን ውሃ በመርጫ እንደ ጤዛ አድርጌ ረጨሁባቸው፤ ሊንድሴይ ያየው የዝናብ ማግሥት ይኸው ነው። ከልቦቹ ሥር የመጀመሪያዋ እውነተኛ ቅጠል ብቅ ስትል ሰኔ ገብቶ ነበር። የክብሪት ራስ አታህልም። እንደ እናቷ ግን ጫፏ ተጠቅልሎ ነበር።

ከጫካ መንቀል የሚያመጣው ጉዳት ከእኔ ጓሮ የሚያልፍ ታሪክ አለው። በብራዚል ሻሺም የሚሉት የዲክሶኒያ ዓይነት፣ ግንዱ እየተቆረጠ እየተቦረቦረ የአበባ ማሰሮ ይሠራበት ነበር። ብዙ ዓመት የፈጀ ግንድ የአንድ ኦርኪድ መቀመጫ ሆነ። ተክሉ ከመጥፋት አፋፍ ሲደርስ በ2001 እ.ኤ.አ. ከዱር መቁረጡ ታገደ፤ የኮኮናት ቃጫ ቦታውን ያዘ። በሐዋይ ደግሞ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሃፑኡ የሚሉትን የአገሩን ዛፍ ፈርን ለጋ የሚሸፍነው ወርቃማ ፀጉር እየተለቀመ ለፍራሽና ለትራስ መሙያ ወደ ካሊፎርኒያ ይጫን ነበር። ዛሬ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት መሠረት የሲያቲያ ዝርያዎች ከአገር አገር ሲሻገሩ ፈቃድ ይጠየቅባቸዋል። ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል የሆነችው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። ከቦንጋ ሐዋሳ የሚመጣውን አይሱዙ ግን ስምምነቱ አይመለከተውም።

ሐዋይ ሌላም ትምህርት አላት፤ ይህኛው ከውጭ አምጥቶ ስለ መትከል ነው። ሲያቲያ ኩፐሪ የሚባለው የአውስትራሊያ ዛፍ ፈርን ፈጣንና ውብ በመሆኑ በሞቃት አገር አትክልተኞች ዘንድ የሚወደድ ነው። ሐዋይም ለግቢ ውበት ገባ። ስፖሩ ግን አጥር አያውቅም። ነፋስ ይዞት ከተተከለበት በብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት የአገሩ ደን ውስጥ አበቀለው። ከሃፑኡ ይልቅ ብዙ ጊዜ ፈጥኖ ስለሚያድግ ቦታውን ይቀማዋል። በሃፑኡ ግንድ ላይ ሥር ሰድደው የሚኖሩት የአገሩ ተክሎች ደግሞ በዚህኛው ግንድ ላይ እንደዚያ አይመቻቸውም። የንጉሥ ፈርንም በጃማይካ ከአትክልት ቦታ አምልጦ ተራራው ላይ ወራሪ ሆኗል፤ ሊንድሴይ ብናኙን በነሰነሰባት ደሴት መሆኑ ነው። የኛ ደቡብ ምዕራብ ለፈርን እንደ ሐዋይ የሚመች ስለሆነ፣ እዚያ ያለ ሰው ኩፐሪን አምጥቶ ከሚተክል ከጅረቱ ዳር የወደቀ የአገሩን ቅጠል አንሥቶ በወረቀት ጠቅልሎ ቢገባ ይሻለዋል እላለሁ። አንድ ቅጠል ላይ ያለው ስፖር ለመንደሩ ሁሉ ይበቃል።

እርግጥ ከስፖር ማሳደግ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከብርጭቆው ወደ ፕላስቲክ ቱቦ፣ ከቱቦው ወደ ማሰሮ፣ ከማሰሮው ወደ መሬት ለማድረስ ሦስት ዓመት ገደማ ፈጅቶብኛል። ከብርጭቆው ሲወጡ ነው የሚበዙት የሚሞቱት፤ የተዘጋ አየር ለምደው በድንገት ክፍት አየር ሲያገኙ ይጠወልጋሉ። ላስቲኩን በአንድ ቀን ከማንሣት ይልቅ በየቀኑ አንድ ቀዳዳ መብሳት ይሻላል። ከ40 ያህል ችግኝ ሰባት ተረፉልኝ። አራቱን ለሰው ሰጠሁ፤ አንዱ ለዚያው አይሱዙ ላመጣልኝ ወዳጄ ነው። ቅር አላለውም፤ “ያኔ ያመጣሁልህ ይኸው ወለደ” ብሎ ሳቀ።

የቀሩት ሦስቱ ከሙዞቹ መካከል ናቸው። ዕድገታቸውን በዓመት ሳይሆን በጥር እቆጥራለሁ። በመጀመሪያው ጥር ሮቶው በወሩ አጋማሽ ደረቀና የጎረቤት ውሃ ለመንኩ። በሁለተኛው፣ ውሃውን ለፈርኖቹ ብቻ ስለለየሁ እስከ ወሩ መጨረሻ አደረሰኝ፤ ያን ጊዜ ጽጌረዳዎቼ ናቸው የተጎዱት፣ ቤት ውስጥም ጥቂት አነጋግሮናል። ዘንድሮ ሁለተኛ ሮቶ ጨምሬ፣ የሙዙን ቅጠል እየቆራረጥኩ እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ ጎዘጎዝኩበት። ጥር 20 ቀን ጠዋት የሮቶውን ክዳን ከፍቼ እጄን ስከት ውሃው ከክርኔ በላይ ደረሰ። ከትልቁ ፈርን እምብርት ሦስት ጥቅሎች በአንድ ጊዜ ወጥተዋል። ሁለቱ መፈታት ጀምረዋል፤ ሦስተኛው ገና ፀጉሩን እንደለበሰ ነው፣ አልነካሁትም።